የዴልፊያ የምንጭ ውሃና የማይታየው ክር

ዴልፊያ ኬግል ሰውን ቶሎ የምታምን ሴት አልነበረችም። እንቁላል ስትገዛ እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አንስታ ታያለች። ሰባኪው «ዓይናችንን ጨፍነን እንጸልይ» ሲል እሷ አንዱን ብቻ ትጨፍናለች ብለው የሚያሟትም ነበሩ። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ አይሲ ደግሞ፣ «የኛ ዴልፊ የሬሳ ሣጥኗን ምስማር ማን እንደመታው ሳታጣራ ጉድጓድ አትገባም» እያለች ጎረቤቱን ታስቃለች።

እንዲህ የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም። በትልቁ ጦርነት ጊዜ፣ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤታቸው በር ላይ ወረቀት ተቸንክሮ አገኘች። መንግሥት ሸለቆውን ስለሚፈልገው ልቀቁ ይላል። ለምን እንደፈለገው አይናገርም። አባቷ ትንባሆውን ሳያነሣ፣ እናቷ የተከለችው ፖም ሳይቀላ፣ ላሚቱንና ምድጃውን በጭነት መኪና ጭነው ከኮረብታው ማዶ ወደ እናቷ ዘመዶች ተሻገሩ። ባዶ በቀረው ሸለቆ ውስጥ በአጥር የታጠረች፣ በካርታ ላይ ስም የሌላት ከተማ በቀለች።

ዴልፊያም ዕድሜዋ ሲደርስ ሥራ ያገኘችው እዚያችው ከተማ ውስጥ ነው። ሌላ ሥራ በዚያ አካባቢ ከየት ይመጣል? የገባችው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበር። የሠራተኞቹ ቱታ ታጥቦ ደርቆ ሲመጣላት፣ ከአንዲት ሣጥን ጋር በሽቦ የተያያዘ እጀታ ልብሱ ላይ ታሳልፋለች። ሣጥኗ ጠቅ ጠቅ ካለች ቱታው ተመልሶ ይታጠባል።

«ምንድን ነው የሚያስጮኻት?» ብላ አንድ ቀን አለቃዋን ጠየቀች።

«ከጮኸች እጠቢ፣ ዝም ካለች አጣጥፊ» አላት፤ ሌላ መልስ አልነበረም።

ቱታው ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ እድፍ የለበትም፣ ሣጥኗ ግን ትጮኻለች። ከዚያ ወዲህ ዴልፊያ ለዓይን ንጹሕ የመሰለን ነገር ማመን ተወች። ንጹሕ የመሰለን ሰውም ጭምር።

ጦርነቱ አለቀ፣ ከተማዋ ለአቶሚክ ቦምብ የሚሆን ማዕድን ታዘጋጅ እንደነበረ፣ ሣጥኗም የምትጮኸው ጨረሩ ሲነካት እንደነበረ ተሰማ፣ አጥሩ ተነሣ፣ ከተማዋም ስም ወጣላት። ዴልፊያ አላገባችም። አንድ ሰው ለጥቂት ጊዜ እሑድ እሑድ እየመጣ ከአይሲና ከእሷ ጋር በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ግን ከሁለቱ የትኛዋን ፈልጎ እንደሚመጣ ጠርጥራ ስትጠይቀው በዚያው ቀረ። አይሲ እስከ ዛሬ ታነሣባታለች።

ሃምሳ ዓመት ሲሞላት፣ ሕይወት ያላቸውን ነገሮች በሚመረምር አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የብርጭቆ ዕቃ አጣቢ ነበረች። ሥራው ቀላል ይመስላል እንጂ ወግ አለው። ዕቃው መጀመሪያ በሳሙና ይታሻል፣ ቀጥሎ በቧንቧ ውሃ ይለቀለቃል፣ በመጨረሻ ደግሞ ከእንፋሎት በተጠራቀመው ውሃ፣ ሰዉ የመኪና ባትሪ ውስጥ በሚጨምረው ዓይነት፣ ተለቅልቆ በእንጨት ችካል ላይ ተደፍቶ ይደርቃል። በደንብ የታጠበ ብርጭቆ ላይ ውሃው ጠብ ጠብ አይልም፤ እንደ ሐር ጨርቅ ተንሸራቶ ይወርዳል። ዴልፊያ ያጠበችው ሁሉ እንደ ሐር ይወርድ ነበር። በዚህች ነገር ትኮራለች፤ ሌላ የምትኮራበት ነገር ብዙም አልነበራትም።

የእንፋሎቱ ውሃ የሚመጣው ከኮሪደሩ ማዶ ካለው ማሽን ነው። እሷ በባልዲ እያመጣች ማጠቢያ ክፍሏ ውስጥ ባለው፣ አንገቱ ጠባብ በሆነ ትልቅ የብርጭቆ ደምጃን ታጠራቅመዋለች። ደምጃኑን እንደ ራሷ ዕቃ ነበር የምታየው።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ሶቤል ነበሩ፤ ከሰሜን የመጡ፣ ፖም ከነእንብርቱ የሚበሉ፣ ቀጭን ሴት። የሚመረምሩት የዶሮ ደም ነው። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጡ ያለውን ፍሬ ሲበስል ይጥለዋል፣ የዶሮ ግን አይጥልም ይላሉ። እሳቸው የሚፈልጉት ያንን ፍሬ ነበር። አንድ ቀን ዕቃ ሊወስዱ ሲገቡ ዴልፊያን ሊያስረዷት ሞከሩ።

«ፍሬው ውስጥ ክር አለ ሚስ ዴልፊያ። የዘር ክር፣ ዲ ኤን ኤ የሚባለው። የአንዲት የዶሮ ሕዋስ ክር ተቀጣጥሎ ቢዘረጋ ከወለሉ እስከዚህ ጠረጴዛ ይደርሳል።»

«ሕዋሷስ ምን ታክላለች?»

«በዓይን አትታይም።»

«እንግዲያው ማን ለካው?» አለች ዴልፊያ።

ዶክተሯ ሳቁ። «ይለካል። ጉዱ ያለው አስተጣጠፉ ላይ ነው። እንደ ዶቃ ያሉ ጥቃቅን የፕሮቲን ኳሶች አሉ። ክሩ በአንዱ ዶቃ ላይ ሁለት ዙር ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ይጠመጠማል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ እሱም ላይ ይጠመጠማል። ከዚያ ዶቃዎቹ ተጠጋግተው ይታጠፉና ወፍራም ገመድ ይሠራሉ። ክሩ ከነዶቃው ክሮማቲን ይባላል።»

«ጠምጣሚው ማን ነው ታዲያ?»

«ማንም። ራሱ ነው የሚጠመጠመው።»

ዴልፊያ በትሕትና ራሷን ነቀነቀች እንጂ አንድ ቃል አላመነችም። ማታ ቤቷ ስትገባ ከስፌት ቅርጫቷ ነጭ ክር አውጥታ ከወለሉ እስከ ጠረጴዛው ለካች፣ ቆረጠች፣ መርፌ እንዳይወጋት ጣቷ ላይ የምታጠልቀው የስፌት ቆቧ ውስጥ እየገፋች አጨቀችው። ገባ። ስትስበው ግን ተቋጥሮ ተወሳስቦ ወጣ።

«ውሸት ነው» አለች።

«ምኑ?» አለች አይሲ ከምድጃው ዳር።

«ሁሉም።»

ዌንደል ግሪንሊ የመጣው በዚያው ዓመት በጸደይ ነው። አርባን የተሻገረ፣ ረጅም፣ ሲሠራ የሚያፏጭ ሰው ነበር። ሥራው ከዶሮ ማረጃው ደም በበረዶ አቅፎ ማምጣት፣ ማጣራት፣ ሕዋሶቹን ማፈንዳትና ክሩን በቤተ ሙከራው ትልቅ ማይክሮስኮፕ ፎቶ እንዲነሣ ማዘጋጀት ነው። ዴልፊያ በመጀመሪያው ቀን፣ የአገሩ ሰው እንደሚጠይቀው፣ ጠየቀችው።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የሃርላን ግሪንሊ፣ እሜቴ። ከተራራው ጀርባ ነን።»

«ከተራራው ጀርባ» አለች ዴልፊያ፣ ጓንቷን እያጠለቀች።

ከተራራው ጀርባ ያሉት ሰዎች በቆሏቸውን በጆንያ ሳይሆን በጠርሙስ ይሸጣሉ እየተባለ ነው ያደገችው። ሸሪፍ የማያውቀውን ውስኪ ጫካ ውስጥ ያወጣሉ ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ያየችውን አየች። ዓርብ፣ ሰዉ ሲወጣ፣ ዌንደል ክዳን ያለው ትልቅ የብርጭቆ ማሰሮ ጃኬቱ ሥር ሸጉጦ በጓሮ በር ወጣ። ወደ ክፍሏ ተመልሳ ደምጃኑን አየችው፤ ጎድሏል። በመስታወት ላይ በሚጽፈው ቀይ እርሳሷ የውሃው ልክ ላይ ጭረት አደረገች። ሰኞ ጠዋት ስትገባ ደምጃኑ ከጭረቱ በላይ፣ እስከ አንገቱ ሞልቷል። እሷ አልሞላችውም።

በሚቀጥለውም ዓርብና ሰኞ እንደዚያው ሆነ።

ያን ሰኞ ማታ እህትማማቾቹ የበቆሎ ዳቦ አሬራ ውስጥ ፈትፍተው እየበሉ ነበር።

«ውሃ ሰረቀ?» አለች አይሲ ማንኪያዋን አቁማ። «በዚህ ዝናብ አገር?»

«ተራ ውሃ መሰለሽ። የእንፋሎት ውሃ ነው። ውስኪ ያቀጥንበታል፣ እንዳይደፈርስበት።»

«ሰርቆ ከሆነ ለምን ይሞላዋል?»

«ለመሸፈን ነዋ! ከቧንቧው ይሞላዋል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ጨውና ቆሻሻ አለበት፤ ዕቃዬን ያበላሽብኛል፣ ስሜ ይጠፋል፣ እሱ እያፏጨ ይሄዳል።»

«ከቧንቧ ሲሞላ አይተሽዋል?»

«ማየት ያስፈልጋል?»

«ውይ ዴልፊ» አለች አይሲ። «ያን በረንዳ ላይ የነበረውን ምስኪን ሰውም እንዲሁ ነው ያባረርሽው።»

ዴልፊያ ተነሥታ ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ይህ ማንቆርቆሪያ ሦስተኛው ነበር። ሁለቱን ውስጣቸው ነጭ ቅርፊት እየጋገረ ስላስቸገራት፣ የዘንድሮ ዕቃ ሁሉ ውዳቂ ብረት ነው ብላ ባዶ ከቀረው ዶሮ ቤት ጀርባ ወርውራቸዋለች። ይህኛውም መጋገር ጀምሯል፤ ሻጩን ከጠረጠረችው ቆይታለች።

ለዶክተሯ ልትነግር አሰበችና ተወችው። ዶክተሯና ዌንደል ቀኑን ሙሉ አብረው ነው የሚሠሩት። ቢነግሩትስ? ሌባ ከተነቃበት መንገድ ይቀይራል። የራሷን መላ ዘየደች።

ከቤታቸው በላይ፣ የድንጋይ ጎጆ የተሠራበት ምንጭ አለ። ወተትና ቅቤ በበጋ እዚያ ይቀመጣል። ውሃው ከዓለት ሥር ይወጣል፤ እጅ ያደነዝዛል፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። የእናቷ ዘመዶች ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ያንን ጠጥተው ነው ያረጁት። መንግሥት ሸለቆውን ሲወስድ ይህን ምንጭ አልወሰደም። ዴልፊያ በዓለም ላይ ያለ ጥርጣሬ የምታምነው ነገር ቢኖር ይህ ውሃ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ በምሳ ቅርጫቷ ውስጥ፣ ከዳቦው ሥር፣ የምንጭ ውሃ በጠርሙስ እየያዘች መምጣት ጀመረች። ዕቃውን በሳሙና አጥባ፣ በቧንቧ ለቅልቃ፣ ደምጃኑን እንዳላየች አልፋው፣ የመጨረሻውን ልቅላቂ በምንጩ ውሃ ታደርጋለች። በተለይ ክሩ የሚዘረጋባቸውን ዝርግ ሳህኖች ደጋግማ። ውሃው እንደ ሐር ይወርዳል። ለማንም አልተናገረችም።

የዶክተር ሶቤል ፎቶዎች መበላሸት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

እስከዚያ ድረስ ፎቶው ላይ የሚታየው ክር ላይ የተሰካ ዶቃ ነበር፤ ዶቃ፣ ክር፣ ዶቃ፣ ክር። ዶክተሯ ዶቃዎቹ እንዴት እንደተሰደሩ ለማወቅ ተዘርግተው ማየት ነበር የፈለጉት። አሁን ግን የሚወጣው የተኮማተረ ወፍራም ገመድ፣ አልፎ አልፎም ጉብታ ብቻ ሆነ። ደሙን ቀየሩ። ዶሮዎቹን ከሌላ ማረጃ አስመጡ። ዌንደል እጁን እስኪላጥ ታጠበ። ማፏጨቱንም ተወ።

ዴልፊያ ማፏጨት መተዉን ልብ አለች። «ሕሊናው ነው» አለች በሆዷ። አሁን ግልጽ ሆነላት፤ ደምጃኑ ብቻ አይደለም፣ ሌላም ነገር እየነካ ነው። ቢቻላት ዕቃዋን ከሰው እጅ ለመጠበቅ አሰበችና ብዙ የምንጭ ውሃ ማምጣት ጀመረች። አንድ ጠርሙስ የነበረው ሁለት፣ ሦስት ሆነ። ከአውቶቡስ ስትወርድ ቅርጫቱ ትከሻዋን ይጎትተዋል። ፎቶዎቹም ይብስ ተኮማተሩ።

አንድ ረቡዕ ዶክተር ሶቤል ሁለቱን ጠሩ። ጠረጴዛቸው ላይ የፎቶ ክምር ነበር። ፊታቸው ገርጥቷል።

«ሁሉንም ነገር ቀይሬ ጨረስኩ» አሉ። «የቀረው ሁለት ነገር ነው። ወይ ዌንደል ሲያዘጋጀው፣ ወይ ሚስ ዴልፊያ ሲያጥቡት። ይህን ስል ደስ እያለኝ አይደለም። እስከ ዓርብ ምክንያቱ ካልተገኘ ዝግጅቱንም እጥበቱንም ለዋናው ሕንጻ ሰዎች እሰጣለሁ። እዚያ የራሳቸው ሠራተኛ አላቸው።»

ይህ ማለት ለዴልፊያ ከሥራ መውጣት ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ከማጠብ ሌላ ሥራ የማታውቅ ሴት፣ ደግሞ «ማጠብ አቃታት» ተብላ። ዓይን አፋር ነበረች፤ አለቃ ፊት ድምፅዋ አይወጣም። ያን ቀን ግን ወጣ።

«የእኔ ዕቃ ንጹሕ ነው ዶክተር። ደምጃኔን የሚነካ ሰው አለ። ዓርብ ዓርብ ይቀዳና ሰኞ ከቧንቧ ይሞላዋል። በጃኬቱ ሥር ሸጉጦ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።» ወደ ዌንደል አላየችም። «እንዲህ ያለ ውሃ ከተራራው ጀርባ ለምን እንደሚፈለግ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ውስኪ ለማቅጠን።»

ዌንደል መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ውስኪ? ሚስ ዴልፊያ፣ እኔ እኮ የባፕቲስት ዲያቆን ነኝ፤ እኛ ጋ መጠጥ ነውር ነው!»

«ዲያቆንም ይጠማዋል።»

«ውሃውንስ ወስጃለሁ፣ አልክድም» አለ ወደ ዶክተሯ ዞሮ። «ሎሪን፣ ባለቤቴ፣ ለሆቴሉ ሸሚዝ ትተኩሳለች። የጉድጓዳችን ውሃ ዝገት አለበት፤ ካውያው በእንፋሎት ሲተፋ ነጩ ሸሚዝ ላይ ቀይ ነጥብ ይጥላል። የሁለት ሸሚዝ ዋጋ ከኪሷ ከፈለች። እዚህ ደግሞ ማሽኑ ሲሞላ ትርፉ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፤ ዓርብ ሰዉ ሲወጣ ኮሪደሩ ስለሚሞላ ነው ከደምጃኑ የቀዳሁት። አንድ ማሰሮ ማን ይቆጥርብኛል ብዬ ነው።»

«ለምን ደበቅከው ታዲያ?» አለች ዴልፊያ።

«እርስዎ ያዩኛላ! እርስዎ ሲያዩ ሰው ሳይሰርቅ ሌባ ሌባ ይሸታል።»

ዶክተር ሶቤል ሳያስቡት አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ሰኞስ ማን ሞላው?» አለች ዴልፊያ።

«እኔ ነኝ፣ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ። ግን ከቧንቧ አይደለም፤ ከማሽኑ፣ በባልዲ። እናቴ የሰው ዕቃ ባዶ አትመልስ ብላ ነው ያሳደገችኝ። ከሰው ድስት ከበላህ ድስቱን ሞልተህ መልስ። እርስዎስ እንዲህ አልተባሉም?»

ዴልፊያም ተብላ ነበር። በዚያ ተራራ ግራና ቀኝ ይህ ሳይነገረው ያደገ ሰው የለም። ግን እንዲህ ያለ ጨዋነት ከዚህ ሰው ይመጣል ብላ አልጠበቀችምና አላመነችውም።

«ቀላል ነው» አለች። «ይታያል። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ይተዋል። ንጹሕ ውሃ ምንም አይተውም። ይሞከር።»

«ይሞከር» አለ ዌንደል።

ዶክተሯ ስስ መስታወት አምጥተው በሙቅ ብረት ላይ አኖሩ። አንድ ጠብታ ከማሽኑ፣ አንድ ጠብታ ከደምጃኑ። ዴልፊያ ሄዳ ቅርጫቷን አመጣች፤ ከዳቦው ሥር ጠርሙስ አወጣች።

«ይህ የቤታችን ምንጭ ነው። ንጹሕ ውሃ ምን እንደሚመስል ከጎኑ ይታይ» አለችና በራሷ እጅ ሦስተኛውን ጠብታ ጣለች።

ሦስቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ጠብታዎቹ እየጠበቡ እየጠበቡ ሄዱ። የማሽኑ ጠፋ፤ ስፍራው እንኳ አልታወቀም። የደምጃኑ ጠፋ፤ እሱም ምንም አልተወም። ሦስተኛው ጠርዙ ላይ መጀመሪያ ጭጋግ መሰለ፣ ከዚያ ነጣ፣ ሲደርቅ በጥፍር የሚፋቅ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት የነጣ ቀለበት ሆኖ ቀረ።

ዌንደል ነው ቀድሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ማጽናናት እያለ የተናገረው።

«የኖራ ድንጋይ ነው ሚስ ዴልፊያ። የአጎቴም ምንጭ እንዲሁ ነው። ለመጠጥ ከሱ የሚጥም የለም፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ግን ይጋግራል።»

ዴልፊያ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ የወረወረቻቸው ሁለት ማንቆርቆሪያዎች ፊቷ ላይ ድቅን አሉ።

«እንግዲህ ደምጃኑ ደህና ነው» አሉ ዶክተር ሶቤል መስታወቱን ወደ ጎን እየገፉ። ወደ ዌንደል እጅ አዩ፤ ሳይፈልጉ ያዩት ይመስላል። «ውሃው ካልሆነ እንግዲህ…»

ዴልፊያ የዚያን ጊዜ ያወቀችውን በዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ማንም አያውቅም። የምንጩን ውሃ እንደ ናሙና ያመጣችው ነው የመሰላቸው። ዝም ብትልና ከነገ ጀምሮ በደምጃኑ ብትለቀልቅ ፎቶዎቹ ይስተካከላሉ። ማንም አይጠይቃትም። ዌንደል ይሄድ ይሆናል፤ እሷ ትቀራለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ላለመመንጠር ስትጠረጥር ኖራለች። ያንን ነጭ ቀለበት አየችው። የሰውየውን የተላጠ እጅ አየችው።

«ዕቃውን የምለቀልቀው በዚህ ነው» አለች፣ ጠርሙሱን እያሳየች። «በደምጃኑ አይደለም። እሱን ከጠረጠርኩ ጀምሮ። ከዳቦው ሥር እየደበቅሁ ነው የማመጣው።»

ዶክተሯ ወንበራቸው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለእሱ ይነግሩታል ብዬ።»

«እኔንም ጠርጥረው ነበር ማለት ነው?»

«ትንሽ» አለች ዴልፊያ።

ዌንደል ጀርባውን አዙሮ ወደ መስኮቱ ቆመ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የተናደደ መስሏት ነበር፤ የሚስቅ ነበር።

ዶክተር ሶቤል ግን አልሳቁም። ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ሥራቸው ገቡ። በማግስቱ ዴልፊያን ፎቶ ወደሚታጠብበት ጨለማ ክፍል አስጠርተው ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጡላት።

«ያው ደም፣ ያው ዌንደል» አሉ። «ይህ በእንፋሎት ውሃ በተለቀለቀ ሳህን። ይህ ደግሞ የእርስዎ ምንጭ ጥቂት ጠብታ የተጨመረበት።»

በመጀመሪያው ዶቃዎቹ ተራርቀው፣ በቀጭን ክር ተያይዘው ተዘርግተዋል። በሁለተኛው ዶቃዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ ተጣጥፈው፣ ወፍራም ገመድ ሆነዋል። ዴልፊያ ረዘም ላለ ጊዜ አየች። እየተገፋ የገባ ክር አይመስልም። የስፌት ቆቧ ውስጥ እንዳጨቀችው ዓይነት ውል የጠፋው ነገር አልነበረም።

«በኖራው ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን ነው የሚሰበስበው» አሉ ዶክተሯ። «ዶቃዎቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ማዕድኑ ሲገባ ግፊያው ይቀዘቅዝና ይጠጋጋሉ። ሕዋስ ውስጥም እንዲህ ያለ ጨው አለ፤ ስለዚህ ክሩ እዚያ ተሰብስቦ ነው የሚኖረው። ይህን ሌሎችም አውቀውታል፤ አዲስ ነገር አላገኘንም። እኔ ተዘርግቶ ማየት ስፈልግ እርስዎ እያጣጠፉብኝ ነበር፣ ይኸው ነው። ያበላሹብኝን ሥራ መልሼ ልሠራው ነው።»

«ልሂድ ታዲያ?» አለች ዴልፊያ። ወደ ሳህኖቹ ለመሄድ ማለቷ ይሁን ከሥራው፣ እሷም አልለየችም።

«ወዴት? የቆሸሹ ሳህኖች ሞልተዋል። ከዛሬ ጀምሮ ግን በዚህ በር የሚገባ ውሃ ሁሉ እኔ ሳላውቀው አይግባ። ለመጠጥም ቢሆን።»

«እሺ ዶክተር።»

ዓርብ ሲመሽ ዌንደል ያለ ማሰሮው፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ በፊት ለፊቱ በር ሊወጣ ሲል ዴልፊያ ከማጠቢያ ክፍሏ ብቅ አለች።

«ማሰሮህስ?»

«ተውኩት እሜቴ። ከአሁን ወዲያ ያስፈራል።»

«የሎሪን ሸሚዝስ?»

እሷ ከመደርደሪያ አንድ ንጹሕ ማሰሮ አንስታ ከማሽኑ ትርፍ ቀዳች፣ ክዳኑን አጠበቀች፣ በፎጣ ጠርጋ ሰጠችው።

«ለዶክተሯ ነግሬያለሁ» አለች። «እንዲህ በግልጽ ያዘው። በጃኬት ሥር ስታደርገው ነው ውስኪ የሚመስለው።»

«ይቅርታ መጠየቅዎ ነው?»

«ማሰሮ መስጠቴ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ስትገባ ማሰሮው ጠረጴዛዋ ላይ ነበር፤ ባዶ አልነበረም። ቀስ ተብሎ በቅመም የተቀቀለ፣ ጠቆር ያለ የፖም ማርማላታ እስከ አፉ ሞልቶበታል። ዌንደል ከኮሪደሩ ማዶ ያፏጫል። ዴልፊያ ማሰሮውን ወደ መስኮቱ አነሣች፣ በብርሃን አገላብጣ አየች፣ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች።

«ውስኪ የለበትም!» አለ ዌንደል ሳይዞር።

«እሱን አይሲ ቀምሳ ትነግረኛለች» አለች ዴልፊያ፣ ማሰሮውን ቅርጫቷ ውስጥ፣ ጠርሙሱ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ እያኖረች።

ያን ቀን ቤቷ እንደገባች ኮቷን ሳታወልቅ ወደ ዶሮ ቤቱ ጀርባ ዞረች። አይሲ በመስኮት እያየቻት ነበር። ዴልፊያ ከእሾሁ መሐል ሁለቱን አሮጌ ማንቆርቆሪያዎች ለቅማ መጣች፤ ሸረሪት አራገፈችላቸው፣ የጋገረውን ኖራ እንዲያለቅቅ ኮምጣጤ ሞላቻቸው፣ መስኮቱ ሥር ደረደረቻቸው።

«ደግሞ እነሱን ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አለች አይሲ፣ በቆሎ ዳቦዋ ላይ ማርማላታ እየቀባች።

«ምንም አላጠፉም ነበር» አለች ዴልፊያ፣ ውሃ ልትቀዳም ባልዲዋን አንስታ ወደ ምንጩ ወጣች።